ለእርጎ ቅል የሠራሁት ሣጥን

ዕቃ ሳይ ገልብጬ ሥሩን ካላየሁ አይሆንልኝም። ባለፈው ሰሞን አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ የእርጎ መጫኛ የፕላስቲክ ሣጥኖች ተደርድረው አየሁና አንዱን አንስቼ ገለበጥኩት። ጎኑ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ማዕዘኑ ወፈር ያለ ነው፣ ሥሩ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ ሲደረብ እንዳይንሸራተት ጠርዝ ወጥቶለታል። መሬት ላይ ጣል አድርጌ ሞከርኩት፤ ነጠረ እንጂ አልተሰነጠቀም። ባለሱቁ ብቅ ብሎ «አባት፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ። የጠፋብኝ ነገር አልነበረም። ይህን ያሰበ ሰው የት ላይ ተቸግሮ የት ላይ እንደተገላገለ ለማወቅ ነበር የፈለግሁት። እኔም በጉብዝናዬ ዘመን ከሚሴ ላይ የዚህን ሣጥን አያት ሠርቻለሁና።

ያን ጊዜ ከሚሴ መንገዱን ይዛ ግራና ቀኝ የተሰደረች ትንሽ ከተማ ነበረች። እኔ ከደጋ የወረድኩ አናጢ ነበርኩ። የሥራ ቦታዬ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነበር፤ በርና አልጋ እሠራለሁ፣ ሥራ ሲጠፋም የሚያልፍ የሚያገድመውን መኪና ጭነት እያየሁ ይህ እንዴት ታሰረ፣ ያ ለምን ዘመመ እያልኩ እውላለሁ። ባለቤቴ «አንተ እኮ የሚከፈልህ ለመገረም ቢሆን ሀብታም ነበርን» ትለኝ ነበር።

አዴን ያወቅኋቸው እዚያው ደጄ ላይ ነው። አዴ በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሾፌሩም ገበያተኛውም እንደዚያ ነበር የሚጠራቸው። ከጨፋ፣ ከቦርከና ወንዝ ዳር፣ እርጎ የሞሉ ቅሎች በአህያ ጭነው ይመጡና የደሴን አውቶቡስ ከጣውላዬ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ባላቸው ሞተው ላሞች ትተውላቸዋል። እርጎውን የምትቀበላቸው ደሴ ያለች አንዲት ባለምግብ ቤት ነበረች፤ በቢላዋ የሚቆረጥ እርጎ ከአዴ ሌላ ማንም አያመጣልኝም ትል ነበር አሉ።

ችግሩ መንገዱ ነው። ቅሎቹ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ፣ ፖርቶመጋላው ውስጥ፣ ከጆንያና ከፍየል ጋር ይታሰራሉ። ኮምቦልቻን አልፎ ዳገቱ ሲጀምር ቅል ከቅል ይጋጫል፤ ደሴ ሲደርሱ ግማሹ ተሰንጥቆ፣ እርጎው በመስኮቱ በኩል ተሳፋሪው ላይ ወርዶ፣ አዴ ከሽያጭ ይልቅ ስድብ ይዘው ይመለሳሉ።

የባላቸው ወንድም በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነበር። ከብቱን የሚያግድላቸውም፣ ከብት ይሸጥ አይሸጥ ሲባል የሚወስነውም በአገሩ ወግ እሱ ነው። ክፉ አልነበረም፤ ግን ልፋት መሬት ላይ ሲፈስ ማየት አንገፍግፎታል። አንድ ቀን ደጄ ላይ ቆሞ፣ አዴ እየሰሙ፣

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብን እኮ! ወላሂ አዴ፣ በቃኝ። መሬት ለሚጠጣው ወተት ላም አይጠበቅም። እርጎው ደህና የማይደርስ ከሆነ ሰንበቴ አወርዳቸዋለሁ» አላቸው።

ሰንበቴ የከብት ገበያው ነው፤ የአፋር ነጋዴ ከደገኛው የሚገናኝበት። እዚያ የወረደ ላም ተመልሶ ጨፋን አያይም። እሱ ከሄደ በኋላ አዴ «ላሞቹ ከሄዱ እኔ በሰው ቤት ጥግ ይዤ የምኖር አሮጊት መሆኔ ነው። አሁን ግን የራሴ ደጅ አለኝ፣ የራሴ እሳት አለኝ» አሉኝ።

እዚህ ላይ አዝኜ ተነሣሁ ብል ያምርብኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የያዘኝ ጉጉት ነው። የተሰበረውን ቅል ስብርባሪ ለመንኳቸውና እንደ ጥንቱ ገጣጠምኩት። ሁሉም የተሰነጠቀው ሆዱ ላይ፣ ጎረቤቱ የነካው ቦታ ላይ ነበር። እንግዲያው ቅል ቅልን እንዳይነካ ማድረግ ነው አልኩ። ቢራ ወደ ደሴ የሚያልፈው በጣውላ ካሳ ነበር፤ ለየጠርሙሱ የየራሱ ክፍል አለው። እኔም ከዋንዛ ጣውላ እንዲያ ያለ ትልቅ ካሳ ሠራሁ፤ ለየቅሉ ክፍል ሰጠሁት። ያም አልበቃኝ፤ ቅሉ ጣውላውንም እንዳይነካ ብዬ ከላይ መስቀለኛ እንጨት አጋድሜ እያንዳንዱን በጠፍር አንገቱን ይዤ አንጠለጠልኩት። ሳንቀሳቅሰው ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል፣ ምንም አይነካም። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

«ማሻአላህ!» አሉ አዴ። «ሕፃን በአንቀልባ ያዘልክ አስመሰልከው!»

የባላቸው ወንድምም ዞሮ ዞሮ አይቶ እንከን አጣለት። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ አደነቀው።

በማግስቱ አዴ ከደሴ ሲመለሱ ከአውቶቡሱ ገና ሳይወርዱ ይስቁ ነበር፤ ደግሞ ዓይናቸው ቀልቷል። እየሳቁ ነው እያለቀሱ ነው ብዬ ግራ ገባኝ። አንዱን ቅል አቀበሉኝ። አልተሰበረም። ክዳኑን ከፍቼ ወደ ውስጥ ባይ አሬራ ላይ ብጫ ብጫ ነገር ይንሳፈፋል።

«ኩን ዳዳ!» አሉኝ። ይህ ቅቤ ነው ማለታቸው ነው። «እርጎ ጫንኩ፣ ቅቤ አወረድኩ! ባለምግብ ቤቷ ብትከፍተው፣ ቅሉ ሁሉ ደህና፣ ውስጡ ሁሉ ተንጧል!»

እኔ እዚያው ጣውላው ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ አገር ወተት የሚናጠው እንዴት ነው? ቅሉን በጠፍር ከምሰሶ ላይ አንጠልጥሎ ወዲያ ወዲህ በመግፋት ነዋ! እኔ የእናቴን መናጫ እየገፋሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። አዴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ገፍተዋል። ያደነቀን መንገደኛ ሁሉ ቤቱ መናጫ አለው። ከመሃላችን አንድም ሰው ይህ የሠራኸው መናጫ ነው ያለኝ የለም። ከከሚሴ እስከ ደሴ አውቶቡስ የሚገፋው መናጫ ሠርቼ ነበር።

ቅቤውም ቅቤ አልሆነም፤ ጥቂቱ ወጥቶ ብዙው አሬራው ውስጥ ቀርቷል። ባለምግብ ቤቷ አልተቀበለችውም። የባላቸው ወንድም ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ፤ ከዚያ ሳቁን ድንገት አቁሞ «ቅቤ ከፈለግን እቤታችን እንገፋው የለ? ለመናጫ ትኬት ይቆረጣል እንዴ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል ነበር፤ እኛ መልቀሙም ቀረብን» አለ። አዴን ሳይሆን እኔን እያየ ነበር የተናገረው። ተናደድኩ፤ የተናደድኩት ደግሞ ትክክል ስለነበረ ነው።

በዚያው ሰሞን የአውቶቡሱ ሾፌር ከአዲስ አበባ የፕላስቲክ ዕቃ ይዞ መጣ፤ አፉ ጠባብ፣ ክዳኑ ተጠምዞ የሚገጥም። በከተማችን ገና ብርቅ ነበር። ቢወድቅ አይሰበርም፣ ቢጋጭ አይሰነጠቅም አለን። አዴ ደስ ብሏቸው ተቀበሉት፤ አጥበው፣ አድርቀው፣ እንደ ማንኛውም የወተት ዕቃ ሊያጥኑት የጋለ የወይራ እንጨት ላይ አፉን ደፉበት። ያልታጠነ ዕቃ እርጎ አያስቀምጥም፣ ሽታውም ሽታ አይሆንም። ጥቂት ቆይተው ሲያነሡት ግማሹ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ አንገቱ ተጣሞ፣ ጥርሱ እንደረገፈ ሽማግሌ አፍ ተሰብስቧል።

«ያ ረቢ! ምን አደረግኩት?» ብለው ይዘውልኝ መጡ።

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው፤ የቅሉ ወግ ለፕላስቲኩ አልሆነም። እኔ ግን ያን የተጨማደደ ነገር ልጥለው አልቻልኩም። እሳት ላይ እንደገና ሞቅ ሳደርገው ይለሰልሳል፤ በጣቴ ስጫነው የጣቴን ቅርጽ ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝ እንደያዘ ይቀራል። ይህ ነገር በፈለጉት መልክ የሚሠራ ከሆነ ሣጥንም ይሆናል ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት። «አሁን ደግሞ የቀለጠ ዕቃ ታቅፈህ ዋል» አለችኝ። ባለፈው ሰሞን ባለሱቁ ደጃፍ ላይ ሣጥኑን ስገለብጥ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት።

ወደ ቅሉ ተመለስን። የባላቸው ወንድም የመጨረሻውን ቃል ተናግሮ ነበር፦ ቅዳሜ አንድ ጊዜ ይጫናል፤ ደህና ካልደረሰ እሁድ ሰንበቴ ነው። አዴ ያን ቀን ሻይ እንኳ አልቀመሱም። ደጄ ላይ ተቀምጠው የቅሉን ክዳን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። እኔ ያቺን መናጫ ከራሴ ማውጣት አቅቶኝ የማይረባ የሚመስል ጥያቄ ጠየቅኋቸው።

«አዴ፣ ሲገፉ ቅሉን ሞልተው ነው?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ሞልቶማ በምን ይላወሳል? ስፍራ የለው። ከግማሽ ትንሽ ከፍ ነው።»

«ለደሴ ሲጭኑስ?»

«ለደሴማ አጎድለዋለሁ። ወተት ሲረጋ ክዳን ይገፋላ...» አሉና አረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ሁለታችንም አንድ ላይ ተነሣን።

የጎደለ ቅል ይናጣል፤ የሞላ ቅል አይናጥም። ስለዚህ እርጎው እቤት ይርጋ፣ ክዳን መግፋቱንም እዚያው ይጨርስ፤ አውቶቡሱ ሲመጣ ደጄ ላይ ከሌላ ቅል በጭልፋ እየጨመሩ እስከ አፉ ይሙሉት። ጠፍሮቹን በጣጥሼ ጣልኩ። አዴ ከቦርከና ዳር ፊላ የሚባለውን ሣር አስመጥተው ጀበና እንደሚቀመጥበት ያለ ክብ ማቶት ጠመጠሙ፤ አንዱ ከቅሉ ሥር፣ አንዱ ሆዱ ላይ፣ አንዱ አንገቱ ላይ። እኔም የሣጥኑን ክፍሎች በማቶቱ ልክ አጠበብኳቸው። ቅሉ ሲገባ ለስለስ ብሎ ይቀመጣል፤ ሲነቀንቁት አይወዛወዝም።

ቅዳሜ አዴ አልሄድም አሉ። «ከፈሰሰ ዓይኔ አያየውም፤ አንተ ሂድ» አሉኝ። እኔም ጣሪያው ላይ ከሣጥኑ ጋር ወጣሁ። ሜዳው ላይ ጆሮዬን ጣውላው ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ፤ የሚላወስ ነገር አይሰማም። ዳገቱ ላይ ግን የሣጥኑን ክዳን ያሰርኩበት ጠፍር ተበጠሰ። ክዳኑ ሲነሣ ነፍሴ አብራ ተነሣች። ላዩ ላይ ተኛሁበት፤ የነጠላዬን ዳር ቀድጄ በጨርቅ አሰርኩትና እንደዚያው ተኝቼበት ደሴ ገባሁ። ስለ ሣጥኑ አላሰብኩም ነበር። አዴ የራሴ እሳት አለኝ ያሉት ብቻ ነበር ጆሮዬ ላይ ያለው።

ባለምግብ ቤቷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ዛሬስ ምን አመጣችሁ? አይብ?» አለችኝ። ከዚያ ክዳን ከፈተች፣ ቢላዋ አምጥታ ሰካች፣ ቆርጣ በማንኪያ ቀመሰች። ሁለተኛም ጎረሰች። ሁሉንም ቅል እየገለበጠች ወደ ገንቦዎቿ አዛወረችና፣ ቅሎቹን አጥባ ሣጥኑ ውስጥ በየቦታቸው መለሰቻቸው። «ሣጥኑን እንዳትረሳው» አለችኝ።

ከሚሴ ስንደርስ የባላቸው ወንድም ማቆሚያው ላይ ቆሞ ነበር። ትከሻው ላይ የላም ገመድ ተጠቅልሏል። አዴ ከደጄ ላይ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ተቀምጠዋል፤ የአውቶቡሱን ድምፅ ሰምተው እንኳ አልዞሩም። ሣጥኑን አወረድነው። እሱ ከኔ ሳይጠይቅ ተንበረከከና ቅሎቹን አንድ በአንድ አወጣቸው፤ በጣቱ አንኳኳቸው፣ አፍንጫውን አስገብቶ አሸተታቸው። የወይራ ሽታ ያላቸው፣ ባዶ፣ አንድም ስንጥቅ የሌለባቸው ቅሎች ናቸው። መልሶ አስገባቸውና የነጠላዬን ቁራጭ ዓይቶ ፊቱን አኮሳተረ።

«እንዲህ በጨርቅ ነው እንዴ የሚታሰረው?»

ጨርቄን ፈትቶ ጣለው። ገመዱን ከትከሻው አወረደ፣ ሣጥኑን ዙሪያውን ጠመጠመው፣ ጉልበቱን ተክሎ አጠበቀው። አዴ በመጨረሻ ዞር ብለው ገመዱን አዩት።

«ይህ የቦራዬ ገመድ አይደለም?» አሉ። ቦራ ከላሞቻቸው ሁሉ የሚወዷት ነበረች።

እሱ ቋጠሮውን ጨርሶ እጁን አራገፈ።

«ነው» አላቸው። «ቦራ ከቤቷ አትወጣ፤ ገመድ ምን ያደርግላታል?»