ሳሞአ ውጭ አገር ናት ወይ?

ባለቤቴ አሜሪካን ሳሞአ አስራ አንድ ወር ሠርቷል። ከሃዋይ አልፎ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል ባለች ደሴት፣ የቱና ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ማቀዝቀዣ ይጠግን ነበር። ከዚያ ፋብሪካና ከመንግሥት ሥራ ሌላ ሰዉ ይህ ነው የሚባል መተዳደሪያ የለውም። ሲደውል ስለ ተራራው፣ ስለ ወደቡ፣ ስለ ዓሣው ሽታ ያወራኝ ነበር። ከሁሉ የገረመው ግን መሬቱ ነው። እንደ ድሮው ርስት የዘመድ ነው፤ የቤተሰቡ አለቃ ሳይፈቅድ ማንም አይነካውም። «አያቴ የርስት ሙግታቸውን እዚህ ቢያመጡት ይረቱ ነበር» እያለ ይስቅ ነበር።

ከተመለሰ በኋላ የዜግነት ፎርም ሞላን። ከአሜሪካ ውጭ ያደረግከው ጉዞ በሚለው ላይ «የለም» አለ። አጠገቡ ሆኜ አየሁት፤ ምን ልበል? ባንዲራው የአሜሪካ፣ ብሩ ዶላር፣ ስሟ ራሱ አሜሪካን! ዜግነቱን የፈለግነው ለእናቱ ነው፤ በግሪን ካርድ እናት ማምጣት አይቻልም። ደብረ ብርሃን ናቸው፣ ዓይናቸው እየደከመ ነው። «ሳይጨልምብኝ ልያችሁ» ይላሉ በደወሉ ቁጥር።

ለኢንተርቪው አንድ ሳምንት ሲቀር፣ በምንኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ምሳ ላይ ይህንኑ አወራሁ። እዚያች ደሴት የተወለደች የሥራ ባልደረባ አለችኝ፤ ሰምታኝ ሳቀች። በማግስቱ ፓስፖርቷን ይዛ መጣች። የአሜሪካ ፓስፖርት ነው፤ ውስጡ ግን የያዘችው ሰው የአሜሪካ ዜጋ አይደለችም ይላል። ገዥያቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ኮንግረስ የሚልኩት ሰው ግን ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ የለውም። ኢሚግሬሽናቸውም የራሳቸው ነው። እሷም እንደኛው ፎርም ሞልታ እየጠበቀች ነበር። እንግዲያ የኛ «የለም» ልክ ላይሆን ነው አልኩ በልቤ።

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ተቆጣ።

«አታሟርቺ! ማን ጠየቀን?»

ሁለት ቀን ተኮራረፍን። ዝም ብንል ያልፍ ይሆናል፤ ቆይተው ዋሽታችኋል ቢሉንስ? ያለውን ግሪን ካርድ ቢነጥቁትስ? የፈራ ይመለስ ይባላል፤ እኔ ግን መመለሱንም ፈራሁት። በመጨረሻ ጠበቃ እንጠይቅ ብዬ ለምኜ፣ እየተነጫነጨ እሺ አለኝ።

ጠበቃዋ እዚሁ አጠገባችን አሌክሳንድሪያ ነች፣ የኛው አገር ልጅ። ጠዋት ገባን።

«ከዩ ኤስ ወጥተህ አታውቅም፣ አይደል?» አለችው ፎርሙን እያገላበጠች።

ባለቤቴ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ሳሞአ ነበር፤ አስራ አንድ ወር» አልኩ። ወዲያው አፌን በቆረጠው አልኩ፤ ግን ወጥቷል።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለሲትዝንሺፕ ሳሞአ እንደ ውጭ ነው የምትቆጠረው። ይሄንን ማመልከቻ ዊዝድሮው አድርገህ፣ መልሰህ ወስደህ፣ እዚህ የመኖሪያ ጊዜህ ሲሞላ እንደገና አፕላይ ብታደርግ ይሻላል። ዓመታት ሊወስድ ይችላል።»

በመኪና ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። እሱ ይነዳል፣ እኔ እጄን አያለሁ። እውነት መናገሬን አውቃለሁ፤ የእናቱን ዓይን በገዛ አፌ የወሰድኩባቸው ግን መሰለኝ።

ቤት እንደገባን እናቱ ደወሉ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፈተው። ያቺ ደሴት ውጭ አገር እንደተባለች፣ ነገሩ ገና እንደሚቆይ ቀስ አድርጎ ነገራቸው።

«ማን ነገረብህ ልጄ?» አሉ።

ቀና ብሎ አየኝ።

«እኔው ነኝ እማዬ» አላቸው። «እኔው ተናገርኩ።»