የሄደ ቤት ፍለጋ

ባለፈው ሰሞን ሐዋሳ ገበያ ውስጥ በቆርቆሮ ሠሪዎቹ በኩል ሳልፍ፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ የቆርቆሮ ሳጥን ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ባለሁበት ቆምኩ። ሌላው ሰው ፊቱን አዙሮ የሚያልፈው ሽታ ነው፤ እኔ ግን ክዳኑን ከፍቼ፣ ጭንቅላቴን አስገብቼ፣ ደጋግሜ አሸተትኩት። ሠሪው መዶሻውን አስቀምጦ ሲያየኝ ቆየና «እህቴ፣ ልትገዢው ነው ወይስ ልትገቢበት?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ነገሌ ቦረና ዳር፣ ከተሜው ሁሉ «የፈረንጅ ትምህርት ቤት» የሚለው አዳሪ ትምህርት ቤት የገባሁበት ቀን ልክ እንደዚያ ነበር የሚሸተው።

ቦረናዎች ሀገያ የሚሉት የመጸው ዝናብ ጀምሮ ስለነበር ቀዩ አፈር ጫማ ላይ እየተለጠፈ ሁላችንንም አንድ ጣት ያህል አስረዝሞን ነበር። ሳጥኔን የሠራልኝ አባባ ነው፤ በጦር ሰፈሩ ጋራዥ መካኒክ ስለነበር ከወታደር መኪና በተረፈ ቀለም ቀባውና፣ ከሩቅ ሲያዩት ሳጥን ሳይሆን ትንሽ ኦራል ካሚዮን ይመስል ነበር። ቤታችን ከትምህርት ቤቱ ሩቅ አልነበረም፤ አባባ ግን ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር በተዛወርን ቁጥር ትምህርቴ መቆራረጡ አንገሽግሾት «እኛ እንዙር፣ እሷ ግን አንድ ቦታ ትቀመጥ» ብሎ አስፈተነኝ። ማለፌ ሲነገር እናቴ አለቀሰች፤ እኔ ዘለልኩ።

እንዴት አልዘል! ከሞያሌ ከወዲህም ከወዲያም፣ ከማርሳቢት፣ ከዶሎ፣ ከክብረ መንግሥት የመጡ ልጆች ሳጥናቸውን እየጎተቱ ሲገቡ፣ ዓለም ሁሉ ተሰብስቦ እኛ ከተማ የመጣ ነበር የመሰለኝ። ኬንያዎቹ የበቆሎ ገንፏቸው ኡጋሊ ካልቀረበ ምሳ አልበላንም ይሉ ነበር፤ የዶሎዎቹ ፓስታ ላይ ሙዝ ቆርሰው ሲበሉ አይተን እኛም ቀምሰን፣ ከዚያ ወዲያ ሙዝ ከጠረጴዛ ላይ መጥፋት ጀመረ። ርእሰ መምህሯ ሚስ ኢንግሪድ በግቢው ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ የተናገረ ሁሉ ግቢ ይጥረግ የሚል ሕግ አውጥተው ስለነበር፣ በነገሌ የእኛን ያህል የተጠረገ ግቢ አልነበረም። መጥረጊያ ይዘን እንኳ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በስዋሂሊ እየተሰዳደብን ስለምንጠርግ ቅጣቱ ቅጣት ይወልድ ነበር።

ከእኔ በላይ፣ በተደራራቢው አልጋ ላይ የምትተኛው ሎኮ የምትባል የቦረና ልጅ ነበረች። ቁመቷ ረዥም፣ ቃሏ አጭር ነበር። መጀመሪያ ቀን ጠዋት የዱቄት ወተቱን ቀምሳ ኩባያውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና «ይኼ ወተት ላም አይቶ አያውቅም» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተለያየንም። አንድ ነገሯ ብቻ ያበሳጨኝ ነበር፤ የአገሯን ሰው ካገኘች «ሰላም» ለማለት ናጋ እያለች የምትጀምረው ሰላምታ ማለቂያ የለውም። ናጋ? ናጋ። ልጆቹ ናጋ? ከብቱ ናጋ? ውኃው፣ ሣሩ፣ ጥጃው፣ ሁሉም ተራ በተራ ይጠየቃል፤ እኔም ከጎኗ ቆሜ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እግሬ እየቆምኩ፣ ሲያልቅ ደግሞ እሷን እያስመሰልኩ ዶርሙን ሁሉ አስቅ ነበር።

ዝናቡ ቆሞ በጋው ሲገባ፣ ነፋሱ ቀይ አቧራውን እያነሳ በአንሶላችን ላይ ሲያራግፍ፣ አባባ ወደ ባሌ ጎባ ተዛወረ። እናቴ አጥሩ ድረስ መጥታ ዳቦ ቆሎ በላስቲክ አቀብላኝ፣ ስማኝ፣ ሳትዞር ሄደች። ከዶርሙ መስኮት የጦር ሰፈሩ ጣሪያዎች ይታዩኝ ስለነበር የእኛን ቤት በየማለዳው አየው ነበር፤ በዚያው ሰሞን አንድ ቀን የማላውቃቸው ሰዎች ልብስ በእናቴ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሳይ መስኮቱን ዘጋሁት።

የዕረፍቱ ጊዜ ደርሶ ሁሉም ሳጥኑን ሲያስር፣ ሲዘፍን፣ ሲሯሯጥ፣ ከጎባ የመጣ የወታደር ሾፌር በር ላይ አስጠራኝ። «አባትሽ ቤት ገና አላገኘም፤ እናትሽም ልጆቹም ሰው ቤት ተጠግተው ነው ያሉት። ለዚህ ዕረፍት እዚሁ ቆዪ ብሎሻል» አለኝና ፀጉሬን ዳበሰኝ። ትምህርት ቤቱ ግን ይዘጋል። ሚስ ኢንግሪድ ቤታቸው እንድቆይ በደግነት ጋበዙኝ፤ የእሳቸው ቤት ማለት ደግሞ ድመትና ጨው የሌለው የአጃ ገንፎ ነው። አልጋዬ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ሌላው ሁሉ የሚጠብቀው በር ሲኖረው እኔ ቤት አልባ ሆኜ ቀረሁ ብዬ አመንኩ።

ሎኮ ከላይኛው አልጋ ጭንቅላቷን አዘቅዝቃ «ከእኔ ጋር ነይ» አለችኝ።

«ቤታችሁ የት ነው?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም?»

«ከአሬሮ በታች ነበር። አሁን ሣር ወዳለበት ሄዷል» አለችኝ፤ እንደ ዋዛ።

እንባዬን ረስቼ ተቀመጥኩ። ቤት ይሄዳል? ሄዶስ እንዴት ይገኛል? እሷ ግን ምንም አልጨነቃትም፤ ነጠላ ጫማዋን ትጠርግ ነበር። ሚስ ኢንግሪድ የሎኮን ቤት አድራሻ ሲጠይቋት ያንኑ መለሰችላቸውና ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ አሰቡ፤ በመጨረሻ አሬሮ ከተማ አክስት እንዳላት፣ የሚወስደንን አይሱዙ የሚነዳውም ሰው የታወቀ መሆኑ ተነግሯቸው ፈቀዱ።

ያ ጉዞ! ስኳር በጫነው አይሱዙ ላይ፣ ከማዳበሪያዎቹ በላይ ሎኮና እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ከሰው የሚረዝሙ ቀይ ኩይሳዎች፣ አንገታቸውን አስግገው ግራር የሚቀጥፉ ግመሎች፣ መኪናውን አይተው የሚፈተለኩ ቆርኬዎች በግራና በቀኝ ሲያልፉ፣ የምናውቀውን ዘፈን ሁሉ ጨርሰን የማናውቀውን ጀመርን። የዳዋን ወንዝ ስንሻገር ሾፌሩ ወርደን እግራችንን እንድንነክር ፈቀደልን። አሬሮ ስንደርስ ፀጉራችን ከአቧራው የተነሳ እንደ ኩይሳው ቀልቶ ነበር። የሎኮ አክስት ዳኪ ከላይ እስከ ታች አይታኝ «አንቺ የወታደር ልጅ፣ እግር አለሽ?» አለችኝ። አለኝ አልኳት። «ጥሩ። ጠዋት እንሄዳለን።»

ጠዋት፣ አህያዋን አስቀድመን፣ ሦስታችንም ወጣን። ቤቱ የት እንደሄደ አክስትየዋም አታውቅም ነበር። መንገድ ላይ መጀመሪያ ያገኘነው ግመል የሚነዳ ሰው ነበር፤ ናጋ ተባለ፣ ልጆቹ፣ ግመሎቹ፣ ዝናቡ ሁሉ ተጠየቀ፤ ቀጥለን ከጉድጓድ ውኃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች አገኘን፤ እንደገና ናጋ፣ እንደገና ከብቱ፣ ጥጃው። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። ፍየል የሚጠብቁ ልጆች ጋ ስንደርስ ሎኮ ከእነሱ ጋርም ያንኑ ስትጀምር ትዕግሥቴ አለቀ።

«ሎኮ! ስለ ፍየል ማውራቱን ተዪና ቤታችን የት ነው ብለሽ ጠይቂያቸው እንጂ!»

«ጠየቅኳቸው እኮ» አለች ተገርማ።

«መቼ?»

«ሁሉንም ጠየቅኩ። ባለግመሉ የዘነበው በፀሐይ መግቢያ በኩል ብቻ ነው አለኝ፤ እንግዲያው አባቴ እዚያ ነው። ሴቶቹ ቀይ በሬያችንን ትናንት ጉድጓዱ ጋ አይተውታል። እነዚህ ደግሞ ያቺን ጉብታ ስታልፉ የውሻችሁ ድምፅ ይሰማል እያሉኝ ነው።»

ዶርም ውስጥ ሰው እያሳቅኩበት የከረምኩት ነገር ለካ መንገድ ኖሯል! ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመኝ፤ ከሩቅ ሰው ባየሁ ቁጥር ቀድሜ እየሮጥኩ «አካም! ናጋ? ሎን ናጋ?» እያልኩ የሰውን ከብት ሁሉ ደኅንነት ጠየቅኩ። አክስት ዳኪ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። አንድ በትራቸውን ተደግፈው የቆሙ ሽማግሌ ግን ሳይስቁ በደንብ መለሱልኝና በተራቸው የእኔን ከብቶች ጠየቁኝ። ከብት የለኝም ማለት አፍሮኝ «ናጋ!» አልኩ። ሎኮ የወታደር ልጅ መሆኔን፣ ቤተሰቦቼም እንደተነሱ ነገረቻቸው። አላዘኑልኝም፤ አልገረማቸውምም።

«ወዴት ሄዱ?» አሉ።

«ባሌ፣ ተራራው ጋ።»

«እዚያ ሣር አለ?»

«ብዙ አለ» አልኳቸው፤ ባላየውም።

«እንግዲያው ጥሩ ቦታ ሄደዋል» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም ከሾፌሩ መልእክት ወዲህ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ሲነሳ ተሰማኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቤቴ አልጠፋም ማለት ነው። ሄዷል፤ የሄደ ነገር ደግሞ ያየው ሰው አይጠፋም።

ጉብታውን ስናልፍ ውሻው ጮኸ። ከውሻው ቀድማ ግን የሎኮ እናት ወደ እኛ እየመጣች ነበር፤ በአንድ እጇ አንድ፣ በሌላው እጇ አንድ፣ ሁለት ጮጮ ወተት ይዛ። ልጇን አቅፋ ሳመቻትና አንዱን ጮጮ ለእኔ ሰጠችኝ። እንደምመጣ እንዴት እንዳወቀች ሎኮን ጠየቅኳት። እናትየዋ መልሱን ስትናገር ዙሪያውን የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሎኮም እየሳቀች ተረጎመችልኝ፦ «ልጅሽ እየመጣች ነው፤ አብራት ያለችው ደግሞ ኦሮምኛዋ ሰው በሳቅ ይገድላል ብለውኛል።» ያገኘነው ሰው ሁሉ መንገዱን ለእኛ ሲነግረን፣ የእኛን መምጣት ደግሞ ወደፊት ሲልክ ነበር የዋለው።

የበልጉ ዝናብ ጥሎ፣ ዳዋ ሞልቶ፣ ትምህርቱም አልቆ ክረምት ሲገባ ሳጥኔን አስጭኜ ብቻዬን ጎባ ገባሁ። የቤታችንን አቅጣጫ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ አባባ ያሰበው መናኸሪያ ሊቀበለኝ ነበር፣ አውቶብሱ ግን ቀድሞ ደረሰ። አልጠበቅኩትም። ከረዳቱ ጀመርኩ፣ ሳጥኔን የተሸከመልኝን ልጅ፣ ሻይ የምትሸጠዋን ሴት፣ የጦር ሰፈሩን ጥበቃ፣ ሁሉንም ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ገብሱ እየጠየቅኩ በጭጋጉ ውስጥ ዳገቱን ወጣሁ። ኩርባው ላይ ስደርስ እናቴ በባዶ ራሷ እየሮጠች ስትወርድ አየኋት። «ባለሻይዋ ልጅ ልካ ነው የነገረችኝ!» አለችና እየሳመች፣ እየሳቀች፣ እያለቀሰች ይዛኝ ገባች። አባባ ከመናኸሪያው እያለከለከ ተመልሶ እቤት ሲያገኘኝ እንዴት ቤቱን እንዳገኘሁት ጠየቀኝ። ከብታቸውን እየጠየቅኩ አልኩት፤ እስኪያስነጥሰው ሳቀ።

አባባ አሁን ጡረታ ወጥቶ ሻሸመኔ ነው፤ ቤቱም አይንቀሳቀስም። እኔ ሐዋሳ ተከራይቼ እኖራለሁ። ባለፈው ዓመት፣ ልጄ ናይሮቢ አዳሪ ትምህርት ቤት እያለች፣ ከታቦር ሰፈር ወደ ሐይቁ በኩል ቤት ቀየርን። ለዕረፍት ስትመጣ የአዲሱን ቤት ቦታ በስልክ ላኩላት፤ ስልኩም ከአውሮፕላን ማረፊያው አንስቶ በየመታጠፊያው እየመራ፣ አንድ ጊዜም ሳያሳስታት፣ በር ላይ አደረሳት። ፀሐይ አልመታትም፣ አልደከማትም፣ ጥሩ ነው። መንገድ ላይ ማንንም አልጠየቀችም፤ እኔም መምጣቷን ያወቅኩት በሩ ሲንኳኳ ነው።