ግድግዳችን ላይ ያለው እጅ

ጋሽ ሰብስቤ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ፎቶ ቤት ባለቤት ናቸው። አሁን ሰው ሁሉ በስልኩ ስለሚነሳ፣ ጉርድ ፎቶ የቸገረው ካልሆነ ማንም አይገባላቸውም። ሚስትም ልጅም የላቸውም። ብዙ አያወሩም። እኔም ስለማላወራ ይሆናል የምወዳቸው። ስለ እሳቸው የምጽፈው ባለፈው በልግ ያየሁትን ለሰው መናገር ስላቃተኝ ነው። ስህተት ካለው ይቅርታ።

ነገሩ የጀመረው ከጣራችን ነው። ዝናቡ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አበላሸው። አባቴ ገመዳና እናቴ ወርቅውሃ፣ እኔም እናቴ እቅፍ ውስጥ ሆኜ የተነሳነው ነው። አባቴ ያለበት ሌላ ፎቶ ቤታችን የለም። ክርስትና በተነሳሁ ቀን ተነሳነው፣ በሳምንቱ አባቴ በመኪና አደጋ ሞተ። እናቴ እንዲህ ነው የነገረችኝ። እኔ ከፊቱ ይበልጥ የምወደው እናቴ ትከሻ ላይ ያረፈውን እጁን ነበር። ትንሿ ጣቱ ወደ ውጭ ጠመም ያለች ናት። ልጅ ሆኜ አልጋ ላይ ቆሜ እስማት ነበር።

ፎቶው ከተበላሸ በኋላ እናቴ ባዶውን ግድግዳ እያየች ምግብ እምቢ አለች። ሳልነግራት ጋሽ ሰብስቤ ጋ ሄድኩ። ፎቶውን ያኔ የሠሩበት ኮምፒውተር ሞቷል አሉኝ፤ ጓሮ ጥለውታል፣ ነገ ለቁራሌው ሊሰጡት ነው። እባክዎ አልኳቸው። ደግሜ ስለምናቸው ፊታቸውን አዞሩና እናቴ ልካኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ኧረ እሷስ አታውቅም አልኩ።

ተሸክሜ አስገባሁት። የአዳማ አቧራ ሆዱን ሞልቶታል። በብሩሽ ጠርገው ሰኩት። ማራገቢያው ዞረ፣ ጢጥ ጢጥ አለ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ሦስቴ ሞከሩ፣ ያው ነው። ከውስጡ እንደ ማበጠሪያ ቀጠን ያለች አረንጓዴ ነገር ነቀሉና ጥርሷ ዝጓል፣ ላጲስ ይዘሻል ወይ አሉኝ። ሆቴል አንሶላ ሳጥብ ውዬ ወደ ማታ ትምህርት ስለምሄድ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረኝ። በእኔ ላጲስ ጥርሷን ፈተጉ ፈተጉና መልሰው ሰኩ። በራ። ቀኑን ግን ረስቶ የዛሬ ሃያ ዓመት ይላል።

"አንቺ ውጭ ቆዪ፣ ፈልጌ እጠራሻለሁ" አሉኝ።

የተባልኩትን የማደርግ ሰው ነኝ። ያን ቀን እግሬ እምቢ አለ።

በእናቴ ስም የተቀመጠ ነገር ከፈቱ። ሦስት ፎቶ ነው። አንዱ የእኛ፣ ግድግዳ ላይ የነበረው። ሁለተኛው ከመታወቂያ የተወሰደ የአባቴ ጉርድ ፎቶ፣ ማኅተሙ ጭምር። ሦስተኛው ላይ እናቴ አለች፣ እኔም አለሁ፣ ያው ወንበር ያው ነጠላ። ከኋላዋ የአባቴን ሱፍ ለብሰው የቆሙት ግን ጋሽ ሰብስቤ ናቸው። በወጣትነታቸው።

ማውሱ ላይ ያለውን እጃቸውን አየሁ። ያቺ ጣት።

"አባትሽ ሲሞት አንቺ ገና ሆድ ውስጥ ነበርሽ፣ ሃዊዬ" አሉ ሳይዞሩ። "እናትሽ ልጄ አባቷ ያያት ይምሰላት ብላ ለመነችኝ። ፊቱ አለ፣ አካል ጠፋ። እኔ ቆምኩ።"

ከዚያ ወዲህ ከደራም ይሁን ከመልካሳ ባሏ የሞተባት ሁሉ እየሰማች ትመጣባቸው ነበር። ስንቱ ቤት ቆሜያለሁ መሰለሽ፣ እስከ አንገቴ ድረስ፣ ብለው ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አባቴ አላየኝም። ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

የቱን ላትምልሽ አሉኝ። ግድግዳ ላይ የነበረውን አልኳቸው።

ቤት ስገባ እናቴ ፎቶውን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ቆይታ ፊቴን አየችና ጋሽ ሰብስቤ ምን አሉሽ አለች።

"ጣታቸውን አየኋት" አልኳት።

ፎቶውን ከደረቷ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"ሰባት ዓመት ሲሞላሽ ልነግርሽ ነበር። ጣቱን ስትስሚ አየሁና ተውኩት።"

እሑድ ጋሽ ሰብስቤን ምሳ ጠራናቸው። ከፎቶው ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ እጃቸውን ጠረጴዛው ሥር ደብቀው። ማስታጠቢያውን ይዤ ቀረብኩ። ቀስ ብለው ዘረጉልኝ። ጆጉ ውስጥ ያለው ውሃ እስኪያልቅ አፈሰስኩላቸው።