«ውሃው ደህና ነው» ያልኩ ቀን

ይህ የደረሰብኝ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ ወር፣ እዚሁ ኦስሎ ውስጥ ነው። ሰው አልሞተም። ግን ዛሬም ፊቴን ልታጠብ ጎንበስ ስል ያ ውሃ ይመጣብኛል። ለማንም ተናግሬው ስለማላውቅ ነው የምጽፈው።

ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ፣ ቫይትቬት ሰፈር ነው። አማርኛዬን ከእናቴና ከቤተ ክርስቲያን ስለለቀምኩት ስህተት ካያችሁ እለፉኝ። እናቴ ለምእመናኑ ሁሉ «ልጄ የባሕር ዶክተር ናት» ብላ አውርታለች። እኔ ግን ያን ጊዜ ላብራቶሪ ውስጥ ጠርሙስ የማጥብ፣ የሙከራ ጊዜዬን እንኳ ያልጨረስኩ ረዳት ነበርኩ።

ሥራችን ከፊዮርዱ፣ ወደ ከተማው ከሚገባው የባሕር ክንድ፣ ውሃ እየቀዳን ክሎሮፊል መለካት ነው። ክሎሮፊል ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ባሕር ውስጥ ከበዛ አልጌ የሚባለው ጥቃቅን የውሃ ተክል በዝቷል ማለት ነው። አንድ ሊትር ውሃ በትንሽ ክብ ወረቀት ይጣራል፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው በመሣሪያ ይለካል።

ያን ሳምንት ዓርብ ከአንዱ ቦታ የመጣው ቁጥር ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ ሆነብኝ። ደነገጥኩ። ውሃውን ሳጣራ እናቴ ደውላ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ አወራት ነበር። ስንት ሊትር እንዳፈሰስኩ ማስታወስ አቃተኝ። ደግሜ ልሥራው እንዳልል የተረፈውን ውሃ ደፍቼ ጠርሙሱን አጥቤዋለሁ። በዚያው ወር አንድ ጊዜ ተሳስቼ አለቃዬ ኢንግሪድ አርማኛለች። ሁለተኛ ከምታገኝብኝ ብዬ ቁጥሩን ሰረዝኩና «ናሙናው ተበላሽቷል» ብዬ ጻፍኩ። ደንቡ ግን ግልጽ ነው፤ የተጠራጠሩት ቁጥር ምልክት ይደረግበታል እንጂ አይጠፋም።

በማግስቱ ጠዋት ፓስተራችን ደወሉ።

«የባሕሯ ዶክተር፣ ነገ የውሃ ጥምቀት አለን። ያ ሁልጊዜ የምንሄድበት ዳርቻ እንዴት ነው?»

ናሙናው የተቀዳው ከዚያው አጠገብ ነው። እኔ ግን ስህተቱ የእጄ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ዶክተር መባሉም ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

«አዎ፣ አዎ፣ ፓስተር፣ ውሃው ደህና ነው» አልኳቸው።

«ተባረኪ! እንግዲያው ሌላ ቦታ አንፈልግም።»

እሁድ ስንደርስ ውሃው ደፍርሶ ቡናማ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀን። ክንዴን እስከ ክርኔ ሳስገባ ጣቶቼ አይታዩኝም። ቁጥሩ ልክ ነበር። መናገር ነበረብኝ፤ ግን መዝሙሩ ተጀምሯል፣ ነጭ የለበሱት ተሰልፈዋል፣ እናቴ ከፊት ቆማ ታጨበጭባለች። እኔም ከእናቴ ጎን ቆሜ ማጨብጨብ ጀመርኩ።

እትዬ ዘነቡ ሦስተኛ ተራ ላይ ነበረች። ግሮሩድ አካባቢ ሲከየም፣ ማለትም የአረጋውያን መጦሪያ ቤት፣ የምትሠራ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። ዋና አትችልም። ፓስተሩ አጥልቀው አወጧት፤ እልል ተባለ። በደስታ እጇን ወደ ላይ አንስታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስትል እግሯ መሬት አጣ። ጠፋች።

ነጭ ቀሚሷ እንኳ አልታይ አለ። ከነልብሴ ሮጬ ገባሁ። አምስት ስድስት ሰው ሆነን በእጅና በእግር እንዳብሳለን። ዳርቻው ላይ መዝሙሩ ቆመ። በድንገት አንድ እጅ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ፤ ፓስተሩ «አገኘኋት! አገኘኋት!» ብለው ጮኹ። የያዙት እኔን ነበር። ማን መሆኔን ሲያዩ ፊታቸው የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

በመጨረሻ የአንዱ ወንድም እግር ፀጉሯን ነካ። ጎትተው አወጧት። አረንጓዴ ውሃ አስመለሳት፣ ከዚያ ተነፈሰች። ሆስፒታል ሁለት ቀን ተኝታ ወጣች። ማንም እኔን አልጠየቀኝም። «የጠላት ሥራ ነው» ተባለ፤ እኔም ከሁሉም ጋር ራሴን ነቀነቅኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኢንግሪድ ውጤቶቹን እያየች «ያ ናሙና ባይበላሽ ኖሮ አልጌው መቼ እንደጀመረ እናውቅ ነበር» አለች። ጠርሙሶቼን ማጠብ ቀጠልኩ።

ባለፈው ጸደይ እንደምንም ደፍሬ፣ እውነቱን ለእትዬ ዘነቡ ልነግራት ሮምሶስ ሰፈር ወዳለው ቤቷ ሄድኩ። ብርቱካን ገዝቼ ነበር። እጄን ልታጠብ መታጠቢያ ቤት ስገባ የገላ መታጠቢያ ገንዳው በሻንጣና በጫማ ካርቶን ተሞልቷል።

«አትገረሚ» አለችኝ ከኋላዬ። «ከዚያ ወዲህ እዚያ ውስጥ መግባት አልቻልኩም። ሻወሩም ፊቴን ሲነካኝ ትንፋሼ ይቆማል። በጆግ ነው የምታጠበው፣ በሩን ከፍቼ። ለማንም እንዳትነግሪ። በየእሁዱ ጌታ አዳነኝ ብዬ እየመሰከርኩ፣ ፈራች ይሉኛል።»

እጄን ያዘችኝ። «ለአንቺ የነገርኩሽ ያን ቀን ቀድመሽ ስለገባሽልኝ ነው።»

ያቀረበችልኝን ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ።

አሁን በሥራዬ ጠንቃቃ ይሉኛል። ቁጥር አልሰርዝም። ግን እሷ ስትመሰክር «አሜን» ማለት አፍራለሁ። ስሟን ቀይሬያለሁ፤ ካነበበችው ግን ራሷ መሆኗን አታጣውም። ይኸው ምስጢሯንም አወጣሁባት። እትዬ፣ ያን ቀን ቤትሽ የመጣሁት ለጥየቃ አልነበረም። ይቅር በይኝ ልልሽ ነበር።