የውሃው ጥያቄ

ወለተሰንበት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው በር ስታንኳኳ ኖራለች። ለማኝ አይደለችም፤ ሥራዋ መጠየቅ ነው። ቆጠራ ሲባል ወለተሰንበት፣ የክትባት ጥናት ሲባል ወለተሰንበት፣ የኑሮ ውድነት ሲባል እሷው። ከልደታ እስከ ሜክሲኮ ያልገባችበት ግቢ፣ ያልጮኸባት ውሻ የለም። ሰው እሷ ፊት ከተቀመጠ ለንስሐ አባቱ ያልነገረውን ሁሉ ይዘረግፈዋል። ምን ዋጋ አለው! የአንዲት ሴት አፍ ብቻ አልከፈት ብሏት ነበር፤ የገዛ ልጇ የማሂ።

ማሂ ቤይሩት ሰው ቤት ሰባት ዓመት ሠርታ፣ አብነት ሰፈር እናቷ ቤት ተመልሳ ከገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ስትሄድ ቤቱን በሳቅ የምታናውጥ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ስትመለስ አንድ ሻንጣና ዝምታ ይዛ መጣች። ምን ሆነሽ ነው ሲሏት "ምንም፤ ደክሞኝ ነው" ትላለች። ሁለት ዓመት ይደክማል እንዴ? ወለተሰንበት ግን አጥብቃ ለመጠየቅ ምን አፍ አላት! ደላላውን ቤት ድረስ ይዛ የመጣችው፣ "ሂጂ ልጄ፣ ሰው ሆነሽ ትመለሻለሽ" ያለችው ራሷ ናት። 

ዘንድሮ አንድ የጥናት ድርጅት ከአረብ አገር የተመለሱ ሴቶችን ላነጋግር ብሎ መጣ። ወለተሰንበትን አንጋፋ ናት ብለው ወጣቶቹን መረጃ ሰብሳቢዎች እንድታሠለጥን፣ ራሷም እንድትጠይቅ አደረጓት። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ስለ ደመወዝ መከልከል ይጀምርና ወደ መቆለፍ፣ ወደ መመታት፣ ከዚያም ወደ ባሰው ይሄዳል። ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ ነው። ጠያቂዋ ሴት ትሁን፣ ሁለቱ ብቻቸውን ይሁኑ፣ ባልም ሆነ እናት አይገባም።

"ድንገት ሰው ቢገባስ?" አለች ሶፊ፣ ከሠልጣኞቹ ሁሉ ትንሿና ፈጣኗ።

"ወደ ውሃው ትዘያለሽ" አለች ወለተሰንበት። "መጨረሻ ላይ ለዚሁ ብለን ያስቀመጥናቸው አምስት የውሃ ጥያቄዎች አሉ። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ 'ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣላችኋል?' ትያለሽ። ፊትሽ እንዳይለወጥ! ሴትየዋንም 'ስለ ውሃ ከጠየቅኩሽ ሰው መጥቷል ማለት ነው' ብለሽ አስቀድመሽ ታስጠነቅቂያታለሽ። የገባው ሰው አልወጣም ካለ አምስቱን ጨርሰሽ ትዘጊያለሽ። እዚያ ቤት ሁለተኛ አይኬድም።"

አንድ ሌላ ነገርም ነገረቻቸው። "ምንም ያልደረሰባት ሴት በሃያ አምስት ደቂቃ ትጨርሳለች። እያንዳንዱ 'አዎ' ግን ሌላ ጥያቄ ይከፍታል። አንድ ሰዓት ካለፈ እዘኑላት፤ አታጣድፏት።"

በዕጣ ሲወጣ የማሂ ስም ከዝርዝሩ ውስጥ ተገኘ። ዘመድን መጠየቅ ክልክል ነውና አብነት ለሶፊ፣ ሜክሲኮ ለወለተሰንበት ደረሰ። ወለተሰንበት ልጇ እምቢ ትላለች ብላ ስትጠብቅ፣ ማሂ "እሺ፣ ትምጣ" አለች።

የማሂ ቀጠሮ አራት ሰዓት ነበር። አራት ሰዓት ላይ ወለተሰንበት ሜክሲኮ አንዷን ጠይቃ እንደጨረሰች "ቻርጀር ረሳሁ" ብላ ታክሲ ተሳፈረች። ቻርጀር ረሳሁ! እንኳን ቻርጀር መርፌ የማትረሳ ሴት። ቻርጀሩ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ዕድሜዋን ሕግ ስታከብር ኖራ ያን ቀን እናትነት አሸነፋት፤ ምን ይደረግ።

ግቢው ውስጥ ስትገባ የማሂን ድምፅ ሰማች። ቃሉ አይለይም፤ ድምፁ ግን ይሄዳል፣ ይሰበራል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ልጇ እንዲህ ስታወራ ከሰማች ስንት ዘመኗ!  ቀስ ብላ በሩን ስትገፋው፣ ያ የተረገመ የቆርቆሮ በር ሲጥጥ አለ።

"ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣላችኋል?" አለች ሶፊ ጮክ ብላ።

"ማክሰኞና ቅዳሜ" አለች ማሂ፣ በእጅጌዋ ዓይኗን እየጠረገች።

ወለተሰንበት በቆመችበት ደርቃ ቀረች። የገዛ ብልሃቷ ነው! ድምፁ እንኳ የራሷ ነው። ባል ሲገባባት፣ አማት ሲገባባት ስለ ውሃ ስትጠይቅ የኖረችው ሴት፣ ዛሬ በሰው ወሬ መሃል የገባችው እሷ ሆነች።

"ቻርጀር ፈልጌ ነው" አለችና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። መውጣት እንዳለባት ታውቃለች፤ እግሯ እምቢ አላት። ልጇ እኮ ናት! ይቺ የትናንት ልጅ ማን ናትና ነው እሷ ያልሰማችውን ሰምታ የምትሄደው?

"ውሃውን ማነው የሚቀዳው?" ሁለተኛው።

"እማዬ።"

"በቀን ስንት ጀሪካን ይበቃችኋል?" ሦስተኛው።

"ሁለት።"

ወለተሰንበት አምስቱንም በቃሏ ታውቃቸዋለች። አምስተኛው ሲያልቅ ሶፊ ታብሌቷን ዘግታ ትሄዳለች። ማሂም የጀመረችውን መልሳ ትውጠዋለች፤ ምናልባትም ለዕድሜ ልኳ።

"ውሃው ሲጠፋ ከየት ታመጣላችሁ?" አለች ሶፊ፣ አራተኛውን፣ ቃሉን እየጎተተች።

ማሂ እናቷን አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ልመና ነበር።

ወለተሰንበት ተነሳች። "እኔ ሱቅ ደርሼ ልምጣ" አለች።

ሱቅ አልሄደችም። በሩን ገጥማ ወጥታ፣ ግቢው መሃል ካለው ቧንቧ አጠገብ ባዶ ጀሪካን አጋድማ ተቀመጠችበት። ከዚያ ቃል አይሰማም፤ በሩ ግን ይታያል።

ጎረቤቷ ዲንቄ ወንፊት ልትዋስ መጣች።

"አሁን አይገባም" አለች ወለተሰንበት።

"ኧረ ወንፊት ብቻ ነው!"

"ዲንቄ በናትሽ፤ ዛሬ አንቺም አትገቢም፣ እኔም አልገባም።"

ዲንቄ ፊቷን አየችና ተመለሰች።

ወለተሰንበት ሰዓቷን አየች። ሃያ አምስት ደቂቃ አልፏል። ደመወዝ ከልክለዋት ይሆናል፣ ቢበዛ ቆልፈውባት ነው ብላ ራሷን አጽናናች። አርባ ደቂቃ ሞላ። አርባ ማለት ዱላ ነው፤ ጥያቄውን ታውቀዋለች። አንድ ሰዓት ሲሆን "በቃ ልጄ፣ 'አይ፣ አልደረሰብኝም' በያት፣ በያት በእመቤቴ" አለች ለብቻዋ። በሩ አልተከፈተም። አንድ ሰዓት ከሩብ። አንድ ሰዓት ተኩል። ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲል ሶፊ ብቅ አለች። ወለተሰንበት አንዲት ቃል ሳትሰማ ሁሉንም ሰምታለች፤ ነጠላዋ በእንባ ርሷል።

የሶፊም ዓይን ቀልቷል። ወለተሰንበት መንገዷን ዘግታ ቆመች፤ ጥያቄው ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር።

"ጨረሳችሁ?" አለች ብቻ።

"ጨረስን፣ እትዬ ወለቴ። አይዞዎት" አለች ሶፊ፤ ትከሻዋን ስማት ወጣች።

ማሂ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ወለተሰንበት አጠገቧ ተቀመጠች። ይቅር በይኝ ልትላት ፈለገች። እንደዚያ ካለች ግን ልጅቷ ለእናቷ ስትል "ምንም አልሆንኩም" ማለቷ አይቀርም። ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣላችኋል?"

ማሂ ቀና አለች። "ታውቂ ነበር?"

"እኔ ነኝ ያስተማርኳት።"

ማሂ "ማክሰኞና ቅዳሜ" አለችና ጭንቅላቷን እናቷ ጭን ላይ ጣለች።

"ማነው የሚቀዳው?"

"አንቺ።"

"ስንት ጀሪካን?"

"ሁለት።"

"ሲጠፋስ?"

"ከነዲንቄ።"

ወለተሰንበት ፀጉሯን እየዳበሰች አምስተኛውንም ጠየቀቻት፤ ማሂም መለሰች። ሌላውን እስከ ዛሬ አልጠየቀቻትም።