አሳንሼ የተረጎምኩት ውሃ

መሥሪያ ቤታችን ነቀምቴ ውስጥ፣ ከአንድ የጉራጌ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። በንጉሡ ዘመን አማካሪ መሐንዲስ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ በከተማው ጥቂት ነበር። አንዳንዱ ደረጃውን ወጥቶ፣ “ሲሚንቶ አላችሁ?” ይለናል። ውጭ አገር ተምረው የመጡት መሐንዲሳችን፣ “እኛ ጋ ያለው ምክር ብቻ ነው” ብለው ይሸኙታል። ሦስት ነበርን፤ እሳቸው፣ አንድ ቀያሽና እኔ። እኔ ንድፍ እስላለሁ። መሐንዲሱ የሸዋ ሰው ስለነበሩ ገጠር ስንወጣ ኦሮምኛውን የማስተረጉምላቸውም እኔ ነኝ።

ጉቴ ላይ አንድ ትምህርት ቤት ነድፈን ከጨረስን በኋላ ሥራ ጠፋ። ወራት አለፉ። መሐንዲሱ ጠዋት ጠዋት ባዶውን ጠረጴዛ ይወለውላሉ። ቢሮውን ሊዘጉ ሲያስቡ ነው በኡኬ መንገድ ላይ የሚሠራ ድልድይ እንድናጠና የተሰጠን።

ቦታው የደረስነው በበጋው ማለቂያ ነው። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም። ከወንዙ ዳር የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ አገኘን። “ክረምት ላይ ውሃው እስከ የት እንደሚመጣ ጠይቅልኝ” አሉኝ መሐንዲሱ። ሽማግሌው እጄን ይዘው ዳገቱን አወጡኝና መዳፋቸውን አንድ ትልቅ የሾላ ግንድ ላይ፣ በደረታቸው ልክ አሳረፉ።

“ሀንገ አሲ፣ ኢልማ ኮ። እስከዚህ ድረስ፣ ልጄ። ሁለት ጊዜ አይቻለሁ።”

ቁልቁል አየሁ። ያቺ ጅረት እዚህ ድረስ ትወጣለች ብሎ ማን ያምናል? እውነት ከሆነ ደግሞ ቦታው ይቀየራል፤ ጥናቱ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ዝናብ ይቀድመናል፤ ሥራው ከእጃችን ይወጣል።

“ምን አሉ?” አሉ መሐንዲሱ ከታች።

“እስከ ቋጥኙ ነው የሚሉት!” አልኩ። ቋጥኙ የዳገቱ ግማሽ ላይ ነበር። መሐንዲሱ ጻፉት። አማርኛ የማይሰሙት ሽማግሌም አፍ አፌን እያዩ፣ ቃላቸውን ያደረስኩ መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ድልድዩ ተሠርቶ ሁለት ክረምት ቆመ። በሦስተኛው ዝናቡ አምስት ቀን ሙሉ ሳያባራ ወረደ፤ በስድስተኛው ቀን ጠዋት ተጠርተን በላንድሮቨር ሄድን። የድልድዩ ወገብ የለም። ከማዶ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ነቀምቴ ሆስፒታል ለመድረስ ይጮኻሉ። ገመድ ወረወርን፤ ውሃው ነጠቀን። መሐንዲሱ እንደለበሱ ገቡ። ወገባቸው ላይ ሲደርስ ተንገዳገዱ፤ እኔና ቀያሹ ጎትተን አወጣናቸው። “ልቀቁኝ!” እያሉ ይታገሉናል። ከሰዓት በኋላ ሰዎቹ ቃሬዛውን አዙረው ተመለሱ። እናቲቱ እንደተረፈች፣ ልጇ ግን እንዳልተረፈ የሰማነው ከሳምንት በኋላ ነው።

ያን ዕለት ከመመለሳችን በፊት መሐንዲሱ ዳገቱን ወጡ። የሾላው ግንድ እስከ ደረታቸው ድረስ ጭቃ ነበር።

“ሽማግሌው ምን ነበር ያሉት?”

ነገርኳቸው። ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ ቢመቱኝም በወደድኩ።

“እጃቸው ግንዱ ላይ እንዳረፈ ከታች ሆኜ አይቻለሁ” አሉ። “አይቼ አልጠየቅሁህም። ያንተን ቃል የወሰድኩት ስለተመቸኝ ነው።”

መርማሪዎች ሲመጡ መሐንዲሱ ጥፋቱ የራሳቸው ብቻ እንደሆነ ጽፈው ሰጡ። ስሜን እንዲያስገቡ ለመንኳቸው። “ንድፉ ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው?” አሉኝ። የሥራ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ፤ ቢሮውም ተዘጋ። ዕቃቸውን አውቶቡስ ላይ የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

ክረምቱ ሲወጣ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ያደረግሁትን አንድም ሳላስቀር በኦሮምኛ ተናገርኩ። ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ እንደተቀመጡ ሰሙኝ።

“ድልድዩ ዝቅ ብሎ ሲሠራ ሳይ፣ መሣሪያቸው ከእኔ የበለጠ ያውቃል ብዬ ነበር” አሉ። “የገዛ ዓይኔን ተጠራጠርኩት። ጎረቤት ሲጠይቀኝም፣ እርጅና ነው፣ ተሳስቼ ይሆናል እል ነበር።”

ይህን ብለው በርጩማቸውን ይዘው ከደጃፉ ወደ ውስጥ ገቡ።