ለእናትየው ድምፅ የታጠበ መዳብ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፍራንክፈርት ውስጥ ኡንተርሊደርባህ በሚባል ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ ስፒከሮቹ ዝም አሉ። አገልጋዩ ማይክራፎኑን በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ ምንም የለም። ሙሽሪት በነጭ ቀሚሷ ከኩሽናው በር ላይ ቆማ ታያለች።

ሌላ ሰርግ ቢሆን ያለ ማጉያም ይዘመር ነበር። የዚህች ሙሽራ እናት ግን ቪዛ ስላላገኙ አገር ቤት ቀርተዋል። በመንደራቸው ኔትወርክ የለም፤ ዘመድ ይዟቸው ከተማ ወጥቶ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደውለው ልጃቸውን ሊመርቁ ነው። በእኛ ጉባኤ ይህ የራሱ ወግ አለው። ከፊት አንድ ወንበር በነጭ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ስልኩ እዚያ ላይ ይቀመጣል፣ ማይክራፎን ይጠጋለታል፣ ሙሽሪት ወንበሩ ፊት ትንበረከካለች። ሕዝቡም እየሰማ «አሜን» ይላል። ልጅቱ በኤርፖርት ፈረቃዋ መሀል ለወራት የምታወራልን ስለ ቀሚሷ ሳይሆን ስለዚህ ወንበር ነበር።

የድምፁ ኃላፊ አንድ ጋሼ ናቸው። አዲስ አበባ ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረው፣ እዚህ ሻንጣ ሲጭኑ ጡረታ የወጡ፣ የማይቸኩሉ ሰው። የስፒከሩን ጀርባ በስልካቸው መብራት አዩና «ና፣ ጋዜጠኛው፣ እይ» አሉኝ። ገመዱ የሚታሰርባቸው ትንንሽ የመዳብ ሳህኖች አረንጓዴ ዱቄት ለብሰዋል።

«ዕቃው የሚቀመጥበት ምድር ቤት፣ ኬለሩ፣ እርጥብ ስለሆነ ነው?» አልኳቸው።

«እርጥበት ብቻውን በዚህ ፍጥነት እንዲህ አያደርግም። ማነው ይህን የወለወለው?»

ከኩሽናው በኩል፣ ኢነንሽታት፣ መሀል ከተማው ላይ፣ ቢሮ የምታጸዳ አንዲት እህት እጇን አወጣች። «እኛ ነን፣ ጋሼ። ባለፈው ዕቃ ስንመልስ ሁሉንም በአቼቶ ውሃ ወለወልነው፤ አቧራ እንዳይነካውም በላስቲክ ጠቀለልነው።»

ከእህቶቻችን ብዙዎቹ እንጀራቸው ጽዳት ነው። የፍራንክፈርት ውሃ በቧንቧ ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት የሚያስለቅቁት በአቼቶ ስለሆነ፣ አቼቶ የማይደርስበት ዕቃ የላቸውም።

«እናንተ ደግሞ ካልወለወላችሁ እንቅልፍ አይወስዳችሁም!» አሉ ጋሼ እየሳቁ። «በሉ አሁን ያንኑ አቼቶ አምጡልኝ። ጨውም ጨምሩበት።»

«ያበላሸው አቼቶው አይደለም እንዴ?» ስል ጠየቅሁ።

«ሳይታጠብ ላዩ ላይ ቀርቶ፣ በላስቲክ ታፍኖ ነው ያበላሸው። አሁን እናጥበዋለን።»

«ሰላጣዬስ?» አለች ምግብ የምታዘጋጀው፣ ጠርሙሱን ይዛ።

«ሰላጣሽ በሎሚ ይበላል። ሙሽሪት ግን በሎሚ አትመረቅም!»

መስመሩን ከሶኬት ነቀሉ። ሳህኖቹን በካቻቪቴ ፈትተው፣ እያንዳንዱ ወደ ቦታው እንዲመለስ በወረቀት ላይ በተራ ደረደሩ። ጨው የሟሟበት አቼቶ ውስጥ ሲነክሯቸው አረንጓዴው ቀስ በቀስ ለቀቀ፤ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ሲያሹት ከሥሩ ቀላ ያለ አዲስ መዳብ ወጣ። ከዚያ ንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ የተረፈውን አሲድ እንዲገድል ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ፣ ከዚያ እንደገና ንጹሕ ውሃ። ያቺው እህት የጎማ ጓንቷን አጥልቃ ከጎናቸው ታጥባለች፤ የሙሽሪት ሚዜ በፀጉር ማድረቂያ ታደርቃለች። የጠቆረውን የገመድ ጫፍ ቆርጠው አዲስ ላጡ።

«ጋሼ፣ በቃ ስልኩን ከፍ አድርገን እንያዘው» አለ ከሙሽራው ጓደኞች አንዱ።

«ከፊት ያሉት ይሰማሉ። ከኋላ ያሉት በምን አውቀው ነው አሜን የሚሉት?»

ሙሽሪት ቀሚሷን ሰብስባ መጣች። «ይደርሳል፣ ጋሼ?»

«አላውቅም፣ ልጄ። ከቸኮልኩ ግን አይደርስም።»

በሥራዬ ብዙ ባለሙያ ጠይቄያለሁ። በጭንቅ ሰዓት «አላውቅም» ብሎ ሥራውን በእርጋታ የሚቀጥል ሰው ግን ጥቂት ነው ያየሁት። ጋሼ ሳህኖቹን እያንዳንዳቸውን በጨርቅ ፈትሸው፣ እርጥበት ያገኙበትን አንዱን ለሚዜዋ መለሱላት። እኔ ብሆን ከነእርጥበቱ አስረው ነበር።

የመጨረሻውን ብሎን ሲያጠብቁ ስልኩ ነጩ ወንበር ላይ ጠራ። አዳራሹ ተነሣ። ጋሼ ብሎኑን ጨረሱ፣ ሶኬቱን ሰኩ፣ ሙሽሪትን «አንሺው» አሏት።

«ልጄ...» አለ የእናትየው ድምፅ፤ እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ ሄደ። ሙሽሪት ተንበረከከች። «በሰው አገር ሰው ያድርግሽ። የወለድሽውን ለመሳም ያብቃሽ። ቤትሽን...»

ተቋረጠ። ሰው ሁሉ ዞሮ ጋሼን አየ። እሳቸው በአምፕሊፋየሩ ላይ የሚበራውን መብራት አይተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

«ኔትወርክ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «በእኛ በኩል ምንም የለም።»

ማንም አልተቀመጠም። ሙሽሪትም ከጉልበቷ አልተነሣችም። ስልኩ እንደገና ጠራ።

«ትሰሙኛላችሁ?»

«እንሰማለን!» አለ አዳራሹ ባንድ ድምፅ።

«እንግዲያው ከመጀመሪያው ልጀምር» አሉ እናትየው። ልጅቱ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ እያለቀሰች ሳቀች።